ከጥቁሩ ሥር ያለው ቀይ

ኅዳር 4

ድንቢጥ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ፖስታው ላይ የእጅ ጽሑፍሽን ሳይ የሞት ወሬ መስሎኝ፣ ከሥራ እስክወጣ ሳልከፍተው በደረት ኪሴ ይዤው ዋልኩ። ስከፍተው ስለ ቀለም ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳትጽፊልኝ ቆይተሽ፣ ስትጽፊ «ያኔ የአባባን ጊታር የቀባህበት ጥቁር ምን ዓይነት ነበር?» እኔም አልጻፍኩምና አልወቅስሽም። እንዲያውም ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ሳቁ ወዴት እንደሄደ እንጃ።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። ጥቁሩ ጋራዦች የመኪና መከላከያ የሚቀቡበት የቆርቆሮ ስፕሬይ ነው። ሦስት ቆርቆሮ ጨረስኩበት። አባባ ጥርሱን ሊነቀል በሄደበት ከሰዓት፣ ከቤቱ ጀርባ፣ የልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ አንጠልጥዬ። ከሥር ያለውን ቀይ አላነሳሁትም። ልፋቀው ብዬ ጀምሬ ክንዴ ሲዝል ተውኩት፤ ትዕግሥት የሚባል ነገር ያኔ አልነበረኝም። ስለዚህ «ቀዩ ከሥር አለ ወይ?» ላልሽው፣ አለ።

ሰው የሚልሽን ሰምተሽ ቀለም የሚያሟሙበትን ቲነር ወይም አኳራጅ እንዳታስነኪው። አሮጌ የላከር ቅብ ቲነር ሲነካው እንደ ቅቤ ይቀልጣል፤ ጥቁሩን አነሳለሁ ስትይ ቀዩም አብሮ ይሄድብሻል። መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ሽቦውን ጨምሮ ሁሉንም ፍቺው። አንገቱን ከገላው ጋር የያዙት አራት ብሎኖች ከጀርባ በኩል ናቸው፤ በካቻቪቴ ይወጣሉ። አንገቱ ሲነሳ ከሥሩ ጎድጎድ ያለ ቦታ ታገኛለሽ። እዚያ የእኔ ጥቁር አልደረሰም፤ የመጀመሪያውን ቀይ እንደነበረ ታይዋለሽ።

አንድ ነገር ግን አልነገርሽኝም። ይህን የምትጠይቂው ለምንድን ነው? እኔ እስከማውቀው አባባ ከዚያ ቀን በኋላ ያን ጊታር በእጁ አልነካውም። ለሰው ሊሰጥ ነው? ወይስ አንቺ መጫወት ጀመርሽ?

ስልክ ቁጥሬን ልጽፍልሽ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሰረዝኩት። ከፈለግሽ እልክልሻለሁ።

ወንድምሽ


ኅዳር 19

ወንድም ጋሼ፣

እንዴት ከረምክ? እኛ ደህና ነን። አባባም ደህና ነው።

ስልክህን አትላክልኝ። ቀለም ቀቢ ሆነህ የምትሠራበትን የቤት ዕቃ ፋብሪካ አድራሻ የሰጠኝ ጓደኛህ ቁጥርህንም ሰጥቶኛል፤ የምሠራበት መድኃኒት ቤት መሳቢያ ውስጥ ነው። ድምፅህን ብሰማ ወይ እሰድብሃለሁ ወይ አለቅሳለሁ፤ ሁለቱም ለቀለም ሥራ አይሆኑም። በወረቀት ይሻላል።

እንዳልከኝ ፈታሁት። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አሮጌ አንሶላ አንጥፌ፣ ብሎኖቹን በባዶ የክኒን ጠርሙሶች ከፋፈልኳቸውና በላያቸው ጻፍኩባቸው፤ «የአንገት»፣ «የጀርባ ክዳን»፣ «ያልታወቀ»። ከሁሉም የሞላው «ያልታወቀ» ነው። ሽቦዎቹን ሰፈራችን ያለው ራዲዮ ጠጋኝ መጥቶ አላቀቀልኝ። «ስትጨርሺ ጥሪኝ» ብሎኛል፤ እጨርሳለሁ ብሎ እንዳላመነ ከፊቱ ያስታውቃል።

አንገቱ ሲነሳ ቀዩን አየሁት። ክብሪት ቀፎ የምታህል ቦታ ናት። እንዲህ ዓይነት ቀይ መሆኑን ረስቼው ነበር። ደማቅ ይመስልሃል፤ ወደ መስኮቱ ስታስጠጋው ቡናማ የሆነ ነገር ከውስጡ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ሳየው ቆየሁ፤ ሻዬ ቀዘቀዘ።

ማን ይጫወትበታል ላልከው ገና አልተወሰነም። ለምን እንደሆነ ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ። አባባ ደህና ነው፤ በዚያ በኩል አትስጋ። ይበላል፣ ይተኛል። እኔ ሥራ ስሆን ከታችኛው ፎቅ ያሉት እትዬ፣ ጡረታ የወጡት አዋላጅ፣ አብረውት ይውላሉ። እኔ ቀኑን ሙሉ የማወራው «በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ» ነው። ቤት ስገባ ጉሮሮዬ ይደክመኛል፤ ግን ቆጥሬ ባየው ከማንም ጋር አላወራሁም።

አሁን የምፈልገው ይህን ብቻ ነው፤ ቀዩን ሳልነካ ጥቁሩን እንዴት ነው የማነሳው?

አባባ ደህና ነው።

እህትህ


ታኅሣሥ 8

ድንቢጥ፣

በአንድ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ «አባባ ደህና ነው» ብለሻል። አባባ በዕድሜው ደህና ሆኖ አያውቅም፤ ወይ ደስ ብሎታል ወይ ተናዷል። ደግሞ ደህና ከሆነ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ምን ይሠራሉ? ሊያዋልዱት ነው?

ቀልዴን ይቅር በይኝ። እውነቱን ግን ጻፊልኝ።

ስለ መፋቁ። በደረቁ እንዳትፍቂ። ውሃ የሚችለውን የብርጭቆ ወረቀት ግዢ፤ ቁጥር አራት መቶ፣ ለማለስለሻ ደግሞ ስድስት መቶ። ጠፍጣፋ የጎማ ቁራጭ ላይ ጠቅልለሽ ያዢው፤ በጣት ብቻ ከያዝሽው ጣትሽ ያረፈበት ይጎደጉዳል። ሳሙና የገባበት ውሃ ውስጥ እየነከርሽ በቀስታ ወዲያ ወዲህ። የብሎን ቀዳዳዎቹን ውሃ እንዳይገባባቸው በሻማ ድፈኛቸው። ጥቁር ውሃ ይወጣል፤ አትደንግጪ። ውሃው ሮዝ ማለት ሲጀምር ቁሚ፤ ቀዩ ላይ ደርሰሻል። ጠርዝ ጠርዙን እንደ ሕፃን ገላ እጠቢው። ቀለም ጠርዝ ላይ ስስ ነው፤ ሁለት ጊዜ ካለፍሽበት እንጨቱ ይወጣል።

ጊታሩን የቀባሁ ቀን አባባ ምን እንዳለኝ አንቺ አልሰማሽም፤ ትምህርት ቤት ነበርሽ። የራሴን ባንድ ላቋቁም ነበር፤ ጥቁር ጊታር የሌለው ባንድ፣ ባንድ አይመስለኝም ነበር። አባባ ጉንጩን በመሐረብ ደግፎ መጣ። ጊታሩ ሽቦው ላይ ነው፤ ገና አልደረቀም። ይጮህብኛል ብዬ ተዘጋጅቻለሁ። በአንድ ጣቱ ነካው፣ ጣቱን አየው፣ ሱሪው ላይ ጠረገው። አፉ ውስጥ ጥጥ አለ። «በል እንግዲህ ያንተ ነው፤ እኔ ጊታር የለኝም» አለኝ። ድምፁን እንኳ አላነሳም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ሁለት ወር አንድ ቤት ስንኖር ጣቱን ክር ላይ ሲያሳርፍ አላየሁም፤ ማታ ማታ የሚጫወትበትን ሆቴልም አሞኛል ብሎ ቀረ። እኔም ጊታሩን ይዤ መሄድ አቃተኝ፤ ትቼው ወጣሁ።

እስቲ አሁን ያንቺን ንገሪኝ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 27

ወንድም ጋሼ፣

እሺ።

አባባ መርሳት ከጀመረው ሦስት ዓመቱ ነው። በመጀመሪያ ቁልፍ፣ ቀጥሎ መንገድ፣ ቀጥሎ ሰው። የቅርቡ ዘመን ሁሉ ከራሱ ወጥቶ የቀረው ሆቴል የሚጫወትበት ጊዜ ነው። አንተ እዚያ ውስጥ አለህ፤ የወተት ጥርስህ እየወለቀ ነው፤ አንዳንዴ ይጠራሃል። እኔ ግን ገና አልተወለድኩም። በነጭ ጋውን ስገባ ነርስ መስዬው «እመቤቴ» ይለኛል።

ከመስከረም ወዲህ ቀዩን ጊታር ይፈልጋል። አልጋ ሥር፣ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ እትዬ ቤት ድረስ ወርዶ። ጠዋት ስወጣ «እመቤቴ፣ ጊታሬን አላየሽም?» ስመለስ «እመቤቴ፣ ጊታሬን አገኘሽው?» ጥቁሩን ስሰጠው በክብር በሁለት እጁ ተቀብሎ ይመልስልኛል፤ «የሰው ዕቃ ነው፤ ባለቤቱ ይፈልገዋል» ይላል። አንድ ቀን ወለሉ ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፍኩልህ ያን ዕለት ነው።

ሌላም የማታውቀው አለ። ከዚያ ቀን በኋላ አልነካውም ብለሃል። አንተ በወጣህ በሦስተኛው ወር አንስቶታል። በመጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ለብቻው፤ ቆይቶ ሆቴሉም ይዞት ተመለሰ። ሰዎች «ቀዩስ?» ሲሉት «ልጄ ቀባው» ይላል፤ ሌላ አይጨምርም። ከታች በኩል ቀለምህ ፈሶ የደረቀች ጠብታ አለች። ሲያስብ አውራ ጣቱን እሷ ላይ ያሻሻል። ስምንት ዓመት አሻሽቶ አለስልሷታል። ለምን አልነገርሽኝም እንዳትለኝ፤ አድራሻ ትተህ ነበር?

የእጄን መዳፍ የሚያህል ፍቄ ቀዩ ወጣ። ውሃው እንዳልከው ሮዝ ሆነ። ከዚያ ቆምኩ፤ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። እዚህ ቤት ያንተ የሆነ ሌላ ነገር የለም፤ ልብስህን እንኳ ለሰው ሰጥተነዋል። እሱንም አጥቤ በባልዲ መድፋት ከበደኝ። ቀጥዪ ካልከኝ እቀጥላለሁ።

እህትህ


ጥር 10

ድንቢጥ፣

ቀጥዪ።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ አራት ቀኔ ነው። አሁን ግን የደበቅሁሽን ልንገርሽ። ከአምስት ዓመት በፊት መጥቼ ነበር።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ ከአውቶቡስ ወረድኩ። ለአባባ ሹራብ፣ ላንቺ የእጅ ሰዓት ይዣለሁ። ደረጃው ሥር ስደርስ ጊታር ሰማሁ። ከማጉያ ጋር አልተያያዘም፤ ደረቁ ክር ብቻ ነው፤ ግን እጁን አውቀዋለሁ። ያን ጊዜ ያሰብኩት ምን መሰለሽ? ሌላ ጊታር ገዝቷል አልኩ። የእኔን ጥሎ ሌላ አግኝቷል፤ ደስ ብሎት እየተጫወተ ነው፤ እኔ ብገባ እጁ ይቆማል። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሦስት ዘፈን ሰማሁና በመጣሁበት አውቶቡስ ተመለስኩ። ሹራቡን እኔ ለበስኩት። ሰዓቱ አሁንም እዚህ ሻንጣዬ ውስጥ አለ፤ ቆሟል።

ጥቁሩ ይሆናል ብዬ አንዲት ጊዜ እንኳ አላሰብኩም።

ስለዚህ ፍቂው። የቀባሁት እኔ ነኝ፤ ፈቃድ የምሰጠውም እኔ ነኝ። ጠብታዋንም አትማሪያት። ለማስታወሻ ብለሽ ጥግ ላይ ጥቁር ብታስቀሪ እሱን አይቶ «የሰው ዕቃ ነው» ይልሻል፤ ልፋትሽ ውሃ በላው ማለት ነው።

ያን ቀን ጠዋት አንቺ የት ነበርሽ? ቤት ያለሽ አልመሰለኝም ነበር።

ወንድምሽ


ጥር 25

ወንድም ጋሼ፣

ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሆነ ወጥ ቤት ቆሜ ቁርሴን እየበላሁ ነበር። ከዚያ እስከ ደረጃው አሥራ ሁለት እርምጃ ነው፤ ትናንት ቆጠርኩት። በራችን ደወል አለው። እትዬ እንኳ እንግዳ አይተው ቢሆን ይጠሩኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ገና ጡረታ ስላልወጡ ሥራ ሄደው ነበር።

ያን ዓመት እንዴት ያለ ዓመት እንደነበር አልነግርህም።

ደብዳቤህን አንብቤ በዚያው ንዴት ፋቅሁት። በንዴት እንደማይፋቅ አልነገርከኝም። አንድ እሁድ ሙሉ ያለ ምሳ። ጥቁሩ ለቀቀ፤ ጠብታዋም ሄደች፤ የመጨረሻዋን በእጄ ሳነሳት ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ቀና ብዬ ሳይ ግን ጠርዙ ሁሉ ነጭ ነጭ ብሏል። እንጨቱ ወጥቷል። በሁለቱ ቀንዶቹና አባባ ክንዱን በሚያስደግፍበት በኩል ቀዩ ተበልቶ አልቋል። ቀይም ጥቁርም ያልሆነ፣ ለምጽ እንደያዘው ቆዳ የሆነ ጊታር ጠረጴዛዬ ላይ ተጋድሟል።

አባባ አየው። «ምን አገኘው ይሄን ምስኪን?» አለኝ። «ታሞ ነው» አልኩት። ራሱን ነቀነቀና «ይዳን» ብሎ ሄደ።

ምን ላድርግ? የምትናደድብኝ ከሆነ ከነገርከኝ በኋላ ተናደድ።

እህትህ


የካቲት 6

ድንቢጥ፣

የምናደድበት አፍ የለኝም። ደወሉን ስላልደወልኩ ይቅር በይኝ። ሰበብ የለኝም።

ለጠርዙ አታልቅሺ፤ ሰባት ዓመት በሙያው የቆየ ሰውም ጠርዝ ይበላል። አሁን ያለሽ አማራጭ ሙሉውን እንደ አዲስ ቀይ መቀባት ነው፤ የቀረው ቀይ መሠረት ይሆንልሻል። ከዚህ ጋር አምስት የእንጨት ቁርጥራጭ ልኬልሻለሁ። ከነገርሽኝ፣ እኔም ከማስታውሰው ተነስተን አምስት ዓይነት ቀይ ሠርተናል። የእያንዳንዱ ቅመማ ከጀርባው ተጽፏል። ቀለሙን ራሱን ልልክልሽ ፈልጌ ነበር፤ ፖስታ ቤት የታሸገ ስፕሬይ ይፈነዳል ብለው አይቀበሉም። ቁርጥራጮቹን ለአባባ አሳይው። የመረጠውን ይዘሽ ቀለም ቀማሚ ጋ ሂጂ፤ በቆርቆሮ ሞልተው ይሰጡሻል።

«ሠርተናል» ያልኩት ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። እስካሁን የጻፍኩልሽ የፋብሪካው ቀለም ክፍል ውስጥ ያለሁ አስመስዬ ነው። ከወጣሁ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። ደረቴ እምቢ አለኝ፤ ሐኪሙ ቀለም ያለበት እንዳትገባ አለ። አሁን ዕቃ ክፍል ነኝ፤ ብሎንና ማጠፊያ ለጠየቀኝ አወጣለሁ። ቁርጥራጮቹን የቀባልኝ ሽማግሌው ቀማሚያችን ነው። እሱ ውስጥ፣ እኔ ከመስታወቱ ውጭ ቆሜ በእጄ ምልክት እየሰጠሁት፤ ጨምር፣ ተው፣ ቡኒ ጠብ አድርግ። ሰው ቢያየን ሁለት የተጣሉ ዲዳዎች እንመስል ነበር።

ስለዚህ ማስክ ሳታደርጊ አንዲት ጠብታ እንዳትረጪ። የጨርቁን አይደለም፤ ሁለት ክብ ማጣሪያ ያለውን። ቆርቆሮውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆይተሽ በደንብ ነቅንቂው። ከስንዝር ተኩል ርቀት፣ ከጊታሩ ውጭ ጀምረሽ ከጊታሩ ውጭ ጨርሺ፤ መሐል ላይ አትቁሚ፤ የቆምሽበት ይፈሳል። ስስ፣ ስስ፣ ስስ። አንዱ ሲደርቅ ሌላው። ከቀዩ በላይ መስታወት የመሰለውን ላከር በዚያው መንገድ። ዝናብ ያለበት ቀን እንዳትነኪው።

የትኛውን መረጠ? ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


መጋቢት 5

ወንድም ጋሼ፣

ሦስተኛውን።

አምስቱን ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው። አራቱን በጣቱ ገፋ ገፋ አድርጎ ሦስተኛውን አነሳ፤ አሸተተውና ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ቅመማው ጀርባው ላይ ስለሆነ ላወጣው ስሞክር እጄን መታኝ። ከምሳ በኋላ ጋደም ሲል ሰርቄ ገልብጬ መለስኩለት።

ደረትህን ለምን ደበቅኸኝ? የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ነኝ እኮ። ምን እንደምትወስድ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሆነ ሁሉንም ጻፍልኝ።

ቀዩ ያማረ ሆነ። አራት ጊዜ ሰገነቱ ላይ ሰቅዬ ረጨሁት፤ እትዬ ከታች «ቤቱን ልታፈነጂው ነው ወይ?» እያሉ። ስጨርስ ወጥተው አይተው ዝም አሉ፤ የእትዬ ዝምታ እንደ ሽልማት ነው። ሁለት ጊዜም ላከሩን ቀባሁት። ሦስተኛውን በቀባሁ ዕለት ግን አባባ ጠፋ።

እትዬ ሸለብ አድርጓቸው ነበር። እኔ ሰገነቱ ላይ ነኝ፤ ማስኩ ጆሮዬን ሸፍኖታል፤ በሩ ሲከፈት አልሰማሁም። ማስኬን አንገቴ ላይ አድርጌ፣ የቀዩ ቀለም ገና ከእጄ ሳይለቅ ወጣሁ። ሰው መንገዱን ይለቅልኝ ነበር፤ ምን ያደረግሁ እንደመሰላቸው እግዜር ይወቅ። ሆቴሉ የነበረበት ቦታ አገኘሁት። አሁን መሥሪያ ቤት ሆኗል። ጥበቃው ወንበር ሰጥቶት በሩ ላይ ተቀምጧል። «ጓደኞቼ አርፍደውብኛል» አለኝ። ከእሱ ጋር ተቀምጬ ጠበቅኋቸው። ግማሽ ሰዓት ያህል። ከዚያ «ዛሬ አይመጡም መሰለኝ» አለና ተነሳ።

ስንመለስ ዘንቧል። ጊታሩን የረሳሁት ሰገነቱ ላይ ነው። ላከሩ እንደ ጉም ነጭ ሆኗል፤ ቀዩ ከውስጥ አይታይም ማለት ይቻላል። ተበላሸ?

እህትህ


መጋቢት 15

ድንቢጥ፣

አልተበላሸም። እርጥበት ላከሩ ውስጥ ገብቶ ታፍኖ ነው። ምንም አታድርጊው። የጠራ፣ ደረቅ ቀን ጠብቂና ላከሩን ከራቅ አድርገሽ እንደ ትንፋሽ ስስ አድርገሽ ንፊበት። የላይኛው ትንሽ ለስልሶ ያፈነውን ይለቀዋል፤ ጉሙ ዓይንሽ እያየ ይጠፋል። ከዚያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስቀዪው። አባባ ቢለምንሽም እንዳትሰጪው። ሦስቱ ሳምንት ሲያልቅ በማይታይ ቦታ ጥፍርሽን ተጫኚ፤ ምልክት ካልያዘ ደርቋል። ቁጥር ሁለት ሺህ ወረቀት በውሃ፣ ቀጥሎ የመኪና ማጥሪያ ቅባት በለስላሳ ጨርቅ።

ለደረቴ የምነፋት ነገር አለች፤ ጠዋትና ማታ። አታስቢ።

ስትሰጪው ምን እንዳለ አንዲትም ሳታስቀሪ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 22

ወንድም ጋሼ፣

አንዲትም አታስቀሪ ብለሃልና አላስቀርም።

እሁድ ጠዋት ነው። ራዲዮ ጠጋኙ ቅዳሜ መጥቶ ሽቦውን በየደ፤ ክሩንም አብረን ሳብነው። አባባ ፊቱን ሲታጠብ አልጋው ላይ አስተኛሁለትና ጥግ ቆምኩ። እትዬም መሐረባቸውን አዘጋጅተው መጥተዋል።

ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ገባ። አየው። አላለቀሰም። ግንባሩን በመዳፉ መታና «የት አስቀምጬው ኖሯል!» አለ። በቃ። መነጽሩን እንዳገኘ ሰው። ተቀመጠ፣ አምስት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ቃኘው፣ መጫወት ጀመረ። የእኔን ስም የማያውቅ ሰው አንዲት ጣት አልሳተም። እትዬ መሐረቡን ለእኔ ሰጡኝ።

እስከዚህ ያለው ደስ የሚለው ነው። ላቁም ብዬ ነበር።

አባባ አሁን ምንም አይፈልግም። ከቤት አይወጣም፣ አያለቅስም፣ ሲነሳ ጀምሮ ይጫወታል። እትዬ «ዳነ እኮ!» ይላሉ። ግን ወንድም ጋሼ፣ ስምንት ወር ሙሉ በቀን አሥር ጊዜ «እመቤቴ» ይለኝ ነበር። ለጊታሩም ቢሆን ይጠራኝ ነበር፤ ዓይኔን ያይ ነበር። አሁን ምግቡን አስቀምጥለታለሁ፣ ይበላል፣ ይመለሳል። ከገባሁ እስክተኛ አንዲት ቃል የማልሰማበት ቀን አለ። ቤቱ ውስጥ ሙዚቃ አለ፤ ሰው የለም።

ሐሙስ ዕለት ደበቅሁት። ሽንት ቤት ሲገባ አንስቼ ቁም ሳጥን ውስጥ ካፖርት አለበስኩት። ወጣ፣ አልጋውን አየ፣ ሥሩን አየ፣ ወደ እኔ ዞረ። «እመቤቴ፣ ጊታሬን አላየሽም?»

ወዲያው አወጣሁለት። «አመሰግናለሁ፣ ልጄ» አለኝ። ልጄ ያለኝ ለማንም ወጣት ሴት እንደሚባለው ነው፤ አውቃለሁ። ቢሆንም ወጥ ቤት ገብቼ ቆምኩ።

ይሄን ለእትዬም አልነግራቸውም። ላንተ የጻፍኩት ሩቅ ስለሆንክ ነው።

እንግዲህ ስለ ቀለም የምጠይቅህ አለቀ። ለሁሉም አመሰግናለሁ። ላከሩ እንደ መስታወት ሆኗል፤ ስጎነበስ ፊቴን አየዋለሁ። መድኃኒትህን አታቋርጥ።

እህትህ


ሚያዝያ 30

ድንቢጥ፣

ያንቺ ጥያቄ ካለቀ የእኔ ገና መጀመሩ ነው።

ደብዳቤዎችሽን ሁሉ አልጋዬ ላይ ዘርግቼ አነበብኳቸው። ስለ ብርጭቆ ወረቀት፣ ስለ አባባ፣ ስለ እትዬ፣ ስለ ራዲዮ ጠጋኙ ሳይቀር አለ። ስለ አንቺ ያለው ቢለቀም ግማሽ ገጽ አይሞላም። የእኔ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ስድስት ወር ስንጻጻፍ «ምን ቀለም?» «የትኛው ቀይ?» ብዬሻለሁ፤ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ያልኩበት አንድ መስመር ፈልጌ አጣሁ። ስወጣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርሽ። በራሴ ውስጥ አሁንም ደብተርሽን አቅፈሽ ቆመሻል። አባባ ያልተወለድሽ አደረገሽ፤ እኔ ደግሞ ከአሥራ ስድስት እንዳታልፊ ይዤሻለሁ። እኔ ግን ረሳሁ የምልበት በሽታ የለኝም።

ጊታሩን ስለደበቅሽ አትፈሪ። እኔም ብሆን እደብቀው ነበር፤ ምናልባትም አንቺን ያህል ፈጥኜ አላወጣውም።

አሁን ጥያቄዎቼ። መድኃኒት ቤት የገባሽው ወደሽው ነው ወይስ ለቤት ስለሚቀርብ? ከአባባ በፊት ምን ልትሆኚ ነበር የምታስቢው? የምታወሪው ጓደኛ አለሽ? የወደድሽው ሰው አለ? ነበረ? ከአምስት ዓመት በፊት ያ «አልነግርህም» ያልሽው ዓመት ምን ነበር? እሁድ ጠዋት ምን ታደርጊያለሽ? ማልቀስ ሲያምርሽ በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ወዴት ነው የምትሄጂው? አሁንም ስትስቂ አፍሽን በእጅሽ ትይዣለሽ?

የአንድ ወር ፈቃድ ጠይቄ ተሰጥቶኛል። ከዚያ በኋላ ያለውን እዚያው ተነጋግረን እናያለን፤ ብሎንና ማጠፊያ የሚያወጣ ሰው የማይፈልግ ከተማ የለም። አባባ ባያውቀኝ አይከፋኝም፤ የራዲዮ ጠጋኙ ረዳት ነው ብለሽ አስገቢኝ። እሱ ይጫወት። እኔ የምመጣው አንቺ ዘንድ ነው።

መልሱን በፖስታ አትላኪልኝ። ዓርብ ተነስቼ ቅዳሜ ጠዋት እደርሳለሁ። ቁጭ ብለሽ ትነግሪኛለሽ፤ እስክትጨርሺ አላቋርጥሽም።

ወንድምሽ